የባሕር ዛፍ ግንድ በቤት ለመሰንጠቅ የሚያገለግል ፍሬም ስለ መሥራት

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)
ጤና ይስጥልኝ። በግቢዬ ዳር ለጣውላ የደረሱ ነጭ ባሕር ዛፎች አሉኝ፤ የአንዳንዶቹ ግንድ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ብየዳ ማሽን፣ ግራይንደርና ትራፓኖ ስላለኝ የሰንሰለት መጋዝ የሚታሰርበት ፍሬም በቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ በሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ሠርቼ ጣውላውን ራሴ ለማውጣት አስቤያለሁ፤ ጓደኛዬ ግን ባንድሶው (ቀለበት የሆነ ቀጭን ምላጭ በሁለት ጎማ ላይ የሚዞርበት መጋዝ) ብትሠራ ይሻልሃል ይለኛል። የቱን ትመክሩኛላችሁ? ከዚህ ቀደም መሰንጠቂያ ቤት ያሰነጠቅሁት ጣውላም ገና ሳይደርቅ ጫፉ ተተርትሮ፣ መሀሉ ጎብጦ ቀርቷል። ጥፋቱ የመጋዙ ነው ወይስ የእንጨቱ?

ምላሽ (በያጅ፣ ከጠባሴ)
ጓደኛዎ በአንድ ነገር ልክ ናቸው። የባንድሶው ምላጭ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሲበላ ሰንሰለት 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚበላ፣ ከአንድ ግንድ ስምንት ጣውላ ቢያወጡ ከአንድ ጣውላ ውፍረት የሚበልጥ እንጨት ያለ ጥቅም ሰጋቱራ ይሆናል። ይሁን እንጂ ባንድሶው ቶርኖ ቤት የወጡ፣ በአንድ መስመር በትክክል የተገጠሙ ሁለት ጎማዎች፣ ደኅና ኩሽኔታና የምላጭ መወጠሪያ ይፈልጋል፤ ጎማዎቹ ጥቂት ከተዛነፉ ምላጩ በሙሉ ፍጥነት ላይ እያለ ሊወጣ ይችላል። ለጥቂት ዛፎች ይህን ሁሉ ድካም አልመክርም፤ የሰንሰለቱን ፍሬም ይሥሩ።

ፍሬሙን ሲበይዱ አራቱንም ማዕዘን መጀመሪያ በነጥብ ብቻ ይያዙ፤ ከማዕዘን ማዕዘን ያለው ርዝመት በሁለቱም በኩል እኩል መሆኑን ለክተው ካረጋገጡ በኋላ፣ ሙቀቱ ወደ አንድ ወገን እንዳይስበው ማዕዘኖቹን እያፈራረቁ ይጨርሱ። የተጣመመ ፍሬም አንዱ ጠርዝ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን የሆነ ጣውላ ነው የሚያወጣው። ጋልቫናይዝድ ብረት ከሆነ ዚንኩን በግራይንደር አንስተው ደጅ ላይ ይበይዱ፤ ጭሱ ያማል። ለመጀመሪያው ቁርጥ ግንዱ ላይ ቀጥ ያለ ቱቦላሬ ያስሩና ፍሬሙ በእርሱ ላይ ይንሸራተት፤ ከዚያ ወዲያ የተቆረጠው ገጽ ራሱ መንገድ ይሆናል። የሰንሰለቱ ጥርስም ለአግድም ቁርጥ በ30 ዲግሪ የሚሞረድ ሲሆን፣ ግንድ በርዝመቱ ለመሰንጠቅ ግን የሞረዱ ማዕዘን ወደ 10 ዲግሪ መውረድ አለበት።

ምላሽ (ከሸዋ ሮቢት)
ሞተሩን አትርሱ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ የሰንሰለት መጋዝ ሞተር እዚያ ከሩብ በላይ ጉልበቱን ያጣል፤ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ካልተስተካከለለት ደግሞ ቤንዚን በዝቶበት ይታፈናል። በርዝመቱ መሰንጠቅ ከማጋደም ቁርጥ እጅግ ስለሚከብድ ትንሽ መጋዝ አይገዛ። ለደብረ ብርሃን የተስተካከለውን ካርቡራተር እንዳለ ይዞ ወደ እኛ ቆላ መውረድም አደገኛ ነው፤ ቤንዚን አንሶት ፒስተኑ ይቃጠላል።

ምላሽ (አናጢ፣ ከደብረ ሲና)
ስለ መተርተሩ የጠየቁትን ልመልስ፤ ጥፋቱ በአብዛኛው የእንጨቱ ጠባይ ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ ቆሞ ሳለ የውጭው እንጨት ተወጥሮ፣ የውስጡ ተጨቁኖ ይኖራል፤ መጋዝ ሲገባበት ያ ውጥረት ይፈታና ጣውላው ይጎብጣል። ስለዚህ ከአንድ ወገን ብቻ አይሰንጥቁ፤ አንድ ወይም ሁለት ጣውላ ባወጡ ቁጥር ግንዱን ገልብጠው ከተቃራኒው ወገን ይቀጥሉ፤ የግንዱን እምብርት (የመሀሉን እንጨት) ለማገዶ ይተዉት። ዛፉ እንደተቆረጠ ሳይውል ሳያድር የግንዱን ሁለት ጫፎች ተረፈ ቀለም ይቀቡ። ጣውላውን ጣሪያ ባለው፣ ነፋስ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ፣ ቀጭን ሞራሌ በየመሀሉ እያስገቡ ይደርድሩ፤ ሞራሌዎቹ ከታች እስከ ላይ በአንድ መስመር ይዋሉ፤ በላዩም ድንጋይ ይጫኑበት። የኅዳርና የታኅሣሥ ደረቅ ነፋስ ገጹን ቶሎ አድርቆ ውስጡን እርጥብ ስለሚተወው፣ በእነዚያ ወራት ዙሪያውን በጆንያ መከለል አይከፋም። እርጥብ ጣውላ ባዶ ፌሮ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ጥቁር እድፍ ያወጣል።

ጠያቂው
እጅግ አመሰግናለሁ። ለፍሬሙ 30 በ30 ቱቦላሬ ይበቃል?

በያጁ
ይበቃል፤ ነገር ግን የግድግዳው ውፍረት ከ2 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ ከዚያ የሳሳው በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ቶሎ ይበሳል።