አድራሻዬ «ኮሎምበስ» ይላል፤ ከተማው ግን «ከእኛ አይደለህም» አለኝ

አዲሱ ጎረቤት፦
ሰላም ወገኖች። ሰመር ላይ እኔና ባለቤቴ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ወጣ ብሎ አዲስ የተሠራ ሰፈር ውስጥ ቤት ገዛን። ሰሞኑን በረዶ ጥሎ መንገዳችን ሁለት ቀን ሳይጠረግ ቀረ። ባለቤቴ ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ መኪናዋ መሀል መንገድ ላይ ተቀረቀረ። ከተማው ጋ ስደውል አድራሻዬን አይተው «ታውንሺፕ ውስጥ ነህ፣ ከእኛ አይደለህም» አሉኝ። ታውንሺፕ ምንድን ነው? እንደኛ ቀበሌ ነው? ማንን ነው የማናግረው? ደግሞ ለልጆቹ ስል ግቢውን ማጠር እፈልጋለሁ፤ ፈቃድ ያስፈልገዋል? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ነባሯ፦
ወንድሜ፣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ። እኔም ስገባ በዚሁ ነገር ግራ ተጋብቼ ነበር። ፖስታ ላይ ያለው የከተማ ስም ደብዳቤ ለማድረስ ነው እንጂ ማን እንደሚያስተዳድርህ አይናገርም። የካውንቲው (ታውንሺፖችንና ከተሞችን የሚያቅፈው አስተዳደር) ኦዲተር፣ ማለትም የቤት ግምት የሚይዘው ቢሮ፣ ድረ ገጽ ላይ አድራሻህን አስገባ። ታውንሺፕህ፣ የትምህርት ቤት ዲስትሪክትህ፣ የቤትህ ግብር ለማን ለማን እንደሚከፋፈል ቁልጭ ብሎ ይመጣልሃል።

ኮሎምበስ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሰፋው የውሃና የፍሳሽ መስመር የሚፈልግ መሬት ወደ ከተማው እንዲጠቃለል እየጠየቀ ነው። ስለዚህ ድንበሩ ቀጥ ያለ አይደለም። አንድ መንገድ ላይ አንዱ ቤት ከተማ፣ ጎረቤቱ ታውንሺፕ ሊሆን ይችላል።

ቀበሌ ነው ወይ ላልከው፣ ለሰዉ ቅርብ መሆኑ ያመሳስለዋል። ግን መታወቂያ አይሰጥም፣ ከንቲባም የለውም። ኦሃዮ ውስጥ ታውንሺፑን የሚመሩ ሦስት ትረስቲዎችና አንድ የሒሳብ ኃላፊ ነዋሪው በየ4 ዓመቱ ይመርጣል። በእነሱ እጅ ያለው መንገድ፣ እሳት አደጋና አምቡላንስ፣ የመቃብር ቦታ፣ የዞኒንግ (መሬት ላይ ምን፣ የትና እንዴት እንደሚሠራ የሚወስን ደንብ) ጉዳይ ነው። የራሱ ፖሊስ ያለው ታውንሺፕ አለ፤ የሌለውን የካውንቲው ሸሪፍ ይጠብቀዋል። ትምህርት ቤቱ የራሱ ቦርድ አለው፤ ትረስቲዎቹ አያዙበትም።

በረዶ ጠራጊው፦
እኔ የታውንሺፕ መኪና ነው የምነዳው። በረዶ ሲጥል መጀመሪያ የምንይዘው ዋና ዋናዎቹን መንገዶች ነው፤ አምቡላንስ ማለፍ አለበት። ከዚያ ወደ ሰፈር እንገባለን። መውጫ የሌላቸው ትናንሽ መንገዶች መጨረሻ ይደርሳቸዋል። መንገዱ ሁሉ የእኛ እንዳይመስልህ። ቁጥር ያላቸውን የስቴት መንገዶች ስቴቱ ይጠርጋል፣ የካውንቲውን ካውንቲው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ሰፈሩ አዲስ ነው ብለሃል። አዲስ ሰፈር ውስጥ መንገዱን መንግሥት ከገንቢው በይፋ እስኪረከብ ድረስ ኃላፊነቱ የገንቢው ነው፤ የእኛ መኪና አይገባበትም። ብዙ ሀበሻ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ደውለህ «መንገዴ ርክክብ ተደርጓል ወይ?» ብለህ ጠይቅ።

በረዶ በሚጥልበት ቀን መኪና መንገድ ላይ አታቁሙ። ከግቢያችሁ የዛቃችሁትንም ወደ መንገዱ አትመልሱት። እባካችሁ፣ እኛም ቤታችን በሰላም መግባት እንፈልጋለን።

ጋሽ ከምዕራብ በኩል፦
ልጄ፣ አጥሩን ሳትጠይቅ እንዳትጀምር። እኔ ሳልጠይቅ አጠርኩ። ከፊት ለፊት ያለው ክፍል ከተፈቀደው ከፍታ በላይ ሆኖ ደብዳቤ መጣብኝ። የዞኒንግ ይግባኝ ቦርድ ፊት ቀረብኩ፤ አምስት ሰዎች ናቸው፣ የሰፈር ሰዎች። በጨዋነት ሰሙኝ፣ ግን ደንቡ ደንብ ነው አሉ። ግማሹን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። ገንዘቡ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከፍታውም ርቀቱም ከታውንሺፕ ታውንሺፕ ይለያያል። ግቢህን በወረቀት ላይ ንደፍ፣ አጥሩ የሚያልፍበትን አስምር፣ የዞኒንግ ኃላፊውን ሄደህ አሳየው። ቤት ወይም በረንዳ ልትሠራ ካሰብክ ግን ከዞኒንጉ ሌላ የግንባታ ፈቃድ ከካውንቲው ሊያስፈልግህ ይችላል። ሁለቱ ቢሮዎች ለየብቻ ናቸው፤ አንዱ ፈቀደ ማለት ሌላው ፈቀደ ማለት አይደለም። የመኖሪያ ሰፈሩ ማኅበር ካለም የእሱን ደንብ አንብብ።

አዲሱ ጎረቤት፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ለእሳት አደጋ «ሌቪ» ድምፅ ስጡ የሚል ወረቀት በር ላይ ተለጥፎ አገኘሁ። 1 ሚል ይላል። ምን ያህል ነው?

ሒሳብ ሠሪዋ፦
ሌቪ ማለት ነዋሪው በድምፁ የሚያጸድቀው ተጨማሪ የቤት ግብር ነው። ኦሃዮ ላይ ግብር የሚታሰበው በቤቱ ግምት 35 በመቶ ላይ ነው። ቤትህ 300,000 ዶላር ቢገመት 105,000 ላይ ይታሰባል። 1 ሚል ከ1,000 ዶላር 1 ዶላር ነው። ስለዚህ አዲሱ ሌቪ በዓመት 105 ዶላር ይጨምርብሃል። «አዲስ» ነው ወይስ የድሮው «እድሳት» ነው የሚለውን አይተህ ወስን፤ እድሳት ከሆነ አሁንም እየከፈልከው ያለ ነው። ካለህ የቤት ግብር ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ነው።

የገቢ ግብርም እንዳይምታታብህ። ታውንሺፑ ራሱ ከደሞዝህ አይቆርጥም። ሥራህ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ከሆነ ግን የከተማው 2.5 በመቶ ይቆረጥብሃል።

ይህን ደግሞ በጣም አደራ፦ ድምፅ የሚሰጠው ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለመራጭነት መመዝገብ የለበትም፤ በስህተትም ቢሆን ኢሚግሬሽን ላይ ከባድ መዘዝ አለው። የትረስቲዎቹ ስብሰባ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ብዙዎቹ ታውንሺፖች ለነዋሪ የመናገሪያ ሰዓት ይሰጣሉ።

ፔንስልቬንያ ነኝ፦
ይህን የምታነቡ ሌላ ስቴት ያላችሁ፣ የኦሃዮውን እንዳለ አትውሰዱት። እኛ ጋ በሕጉ «ሁለተኛ ደረጃ» በሚባለው ታውንሺፕ የሚመረጡት ሱፐርቫይዘር ይባላሉ፣ ዘመናቸውም 6 ዓመት ነው። ከደሞዝም የአካባቢ ግብር ይቆረጣል። ኢሊኖይ ያለች እህቴ ደግሞ ሥራ ባጣች ጊዜ የችግር ጊዜ እርዳታ ያመለከተችው እዚያው ታውንሺፑ ቢሮ ነው። ኦሃዮ ላይ ያንን ካውንቲው ነው የሚሠራው።

አዲሱ ጎረቤት፦
ስብሰባው ላይ ሄድኩ። አሥር ሰው እንኳን አልነበረም። በረዶ ጠራጊው ወንድሜ፣ እንዳልከው ነው፤ መንገዳችን ገና ርክክብ አልተደረገም። አንዷ ትረስቲ የገንቢውን ስልክ ሰጠችኝ። በማግስቱ ደወልኩ፣ ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ጠረገ። የአጥሩን ንድፍ ዛሬ ማታ ከባለቤቴ ጋር እንሠራለን።