በአማርኛ እየጠየቅሁ የሰበሰብሁት አዊኛ እውነተኛ አዊኛ ነውን?

የቡሬው ተማሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዲግሪ የሥነ ልሳን ተማሪ ነኝ። አፌን የፈታሁት በአማርኛ ሲሆን የመመረቂያ ጽሑፌን በአዊኛ፣ ማለትም በአዊ ዞን በሚነገረው የአገው ቋንቋ፣ የስም ሐረግ ላይ እየሠራሁ ነው። በእንጅባራ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ሁለት ወር ተቀምጬ አራት መቶ ያህል ዐረፍተ ነገሮችን ሰብስቤአለሁ። እኔ አንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ እናገራለሁ፣ ተናጋሪው በአዊኛ ይመልስልኛል፣ በስልኬ የቀዳሁትንም ማታ እጽፈዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዛውንት ዘንድ ሁለት ሰዓት ያህል ስጠይቅ ከቆየሁ በኋላ ቡና ቀረበና ከጎረቤታቸው ጋር ስለ ጠፋች ጊደር ማውራት ጀመሩ። መቅጃውን አላጠፋሁትም ነበር። ማታ ሳዳምጠው ለእኔ ሲመልሱልኝ የቆዩት አዊኛ እና ለጎረቤታቸው ያወሩት አዊኛ አንድ አልመስል አለኝ፤ የእኔው ቃል በቃል የአማርኛዬን ቅደም ተከተል የሚከተልና እየተቆራረጠ የተነገረ ነው፣ የጊደሯ ወሬ ግን ስሞቹ ሳይደጋገሙ እርስ በርሱ እየተሳሰረ ይፈስሳል። አማካሪዬ መረጃው በቂ ነው ብለውኛል። እኔን ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። የሰበሰብሁትን ልጣለው ወይስ የሚድን ነገር አለው?

መምህርት ከዳንግላ፦
አዊኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው፤ በዞናችን የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ስለሆነም በእሱው አስተምራለሁ። የገጠመዎት ነገር አይደንቀኝም። አብዛኞቻችን አማርኛውንም ስለምንናገር፣ የተማረ እንግዳ በአማርኛ ሲጠይቀን ጥያቄውን ሳናዛባ መመለስን ከጨዋነት እንቆጥረዋለን። ስለዚህ አይጣሉት፤ የጎደለውን ግን ልንገርዎት።

በአማርኛ «የገበሬው በሬ»፣ «የገበሬው ላም»፣ «የገበሬው በሬዎች» ሲባል «የገበሬው» የሚለው ቃል ንቅንቅ አይልም። በአዊኛ ግን የገበሬው ስም መጨረሻ ይለዋወጣል፤ የሚለዋወጠውም ገበሬው ስለተለወጠ ሳይሆን የእሱ የሆነው ነገር ተባዕት፣ አንስት ወይም ብዙ ስለሆነ ነው። ከአራት መቶው ውስጥ ስንቱን በተባዕት ነጠላ ስም ብቻ እንደጠየቁ እስኪ ይቁጠሩት። አማርኛዎ ልዩነቱን ስለማያሳይ ለመጠየቅም አላሰቡት ይሆናል።

ሌላው የአጻጻፉ ጉዳይ ነው። እንደ ጠ፣ ጨ እና ጸ ያሉት ፈንጂ ድምፆች በአዊኛ የሉም፤ በቀ የምንጽፈውም ከአማርኛው ቀ የተለየ፣ ከጉሮሮ ጠለቅ ብሎ የሚወጣ ነው። «ቤት» ለማለት «ጝን» ስንል ቃሉ የሚጀምርበትን የአፍንጫ ድምፅ ለአዊኛ አዲስ የሆነ ጆሮ አንዳንዴ በ«ን» አንዳንዴም በ«ግ» ይሰማዋል። የድምፁን ከፍታና ዝቅታ ደግሞ፣ ቃልን ከቃል የሚለይ ሆኖ ሳለ፣ ፊደላችን ጨርሶ አይዘውም። ስለዚህ ከደብተርዎ ይልቅ ቅጂዎን ይጠብቁ። የጊደሯን ወሬ ግን ሰዎቹ ሳያውቁ ነው የቀዱት፤ ከመጠቀምዎ በፊት ሄደው ያስፈቅዱ።

የቀድሞ የቅኔ ተማሪ፦
ልጄ፣ እኔ የሥነ ልሳን ሰው አይደለሁም፤ በጎጃም ቅኔ ቤቶች ዓመታት ያሳለፍሁ ነኝ። የመምህርቷ ነገር ዘርፍና ዘርፍ አያያዥን፣ ማለትም ባለቤቱን የሚናገረውን ስምና እሱን የሚይዘውን፣ አስታወሰኝ። በግዕዝ «ቤተ ንጉሥ» ስንል «ቤት» የሚለው «ቤተ» ሆኖ ዘርፉን ይይዛል፤ የሚለወጠው ዘርፉን የሚይዘው ስም ነው። አማርኛ ከዘርፉ ፊት «የ» ያስቀምጣል። አዊኛ ደግሞ፣ እንደተባለው ከሆነ፣ ዘርፉን ራሱን በሌላው ስም ልክ ያለብሰዋል። አብረው የኖሩ ቋንቋዎች ሲሆኑ ሦስቱም በየመንገዳቸው መሄዳቸው እጅግ ደስ ይላል።

የምሰጋው ግን በምትለካበት መስፈሪያ ነው። እኛ ግስ የምናረባው ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ባረከ እያልን በስምንት አርእስት፣ ማለትም ሌሎቹ ግሶች በሚከተሏቸው መነሻ ግሶች፣ ነው፤ ዘመናዊው የአማርኛ ሰዋስውም ብዙውን ስያሜ የወረሰው ከዚያው ነው። ቤትህ ሌላ ሆኖ ሳለ የእኛን በር ልግጠምበት ብትል መቃኑ አይገናኝም።

አንድ የቋንቋ ተመራማሪ፦
የቅኔው አባት ያሉት ልክ ነው። የአዊኛ ግስ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ከኋላ በሚቀጠሉ ቅጥያዎች ነው፤ ሰውን የሚያመለክት ቅጥያ ከፊት የሚቀበሉት ጥቂት የቆዩ ግሶች ብቻ ሲሆኑ «መምጣት» ከእነሱ አንዱ ነው። ሮበርት ሄትዝሮን እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተሙትን የአዊኛ የግስ ሥርዓት ጥናት ካላነበቡት ከመጠይቅዎ በፊት እሱን ያስቀድሙ።

ስለ ትርጉም መረጃ ግን እዚሁ ጎጃም የደረሰውን ያስታውሱ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ አገራችን መጥቶ መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛም (በጎጃም ይነገር በነበረ ሴማዊ ቋንቋ) በዳሞት አገውም (በዚሁ በአዊኛ) አስተርጉሞ ወስዷል። የቋንቋ ምሁሩ ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ጋፋትኛ የሚናገር ሰው ሲፈልጉ በብዙ ድካም ያገኙት አራት ሰዎችን ብቻ ነበር፤ ዛሬ ተናጋሪ የለውም። ስለዚህ የብሩስ ጽሑፍ ውስጥ አንድ የቃላት ቅደም ተከተል እንግዳ ሆኖ ብናገኘው የጋፋትኛ ጠባይ ይሁን የተርጓሚው ትጋት፣ ጠይቀን የምንለይበት ሰው የለንም። እርስዎ ግን አለዎት፤ የእርስዎ ተናጋሪዎች ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ናቸው፣ አዛውንቱም ቡና ያፈላሉ። አራት መቶውን «በትርጉም የተገኘ» ብለው ለይተው ያስቀምጡት፤ ከዚያም ተረት፣ የገበያ ወሬ፣ የእርሻ ሥራ ገለጻ ይቅዱ። ያገኙትን ሐረግ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ «እንዲህ ይባላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ቢቻል በአዊኛው ይጠይቁ፣ ስብርብር ቢልም ግድ የለም።

የቡሬው ተማሪ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ተመልሼ ሄድሁ። መቅጃው ክፍት እንደነበር ለአዛውንቱም ለጎረቤታቸውም ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ አዛውንቱ ሳቁና የጊደሯን ወሬ መልሼ እንዳሰማቸው አዘዙኝ፤ ሁለቱም ፈቀዱልኝ። ከዚያ የገበሬውን በሬ፣ ላምና በሬዎች በተራ ጠየቅሁ፤ መምህርቷ እንዳሉትም የገበሬው ስም ሦስት ዓይነት መጨረሻ ይዞ መጣ። ሁለት ወር ሙሉ ይህን ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው «አንተ ስለ በሬ ብቻ ነበር የምትጠይቀኝ፤ ላም የሌለህ መስሎኝ» አሉኝ።