አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ፦ እውነት ጥፋቱ የምጣዱ ነው?

የጀሞዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ግቢ ውስጥ አራት ተከራዮች ነን፤ ቆጣሪው አንድ ነው። ቢሉ ሲመጣ አከራያችን እኩል ለአራት ያካፍሉታል። ከ2017 ዓ.ም መስከረም ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ሲጨምር ቆየና ባለፈው ወር «ከእንግዲህ ምጣድ እንዳይሰካ፤ ወይ ግዙ ወይ ጓሮ በእንጨት ጋግሩ» አሉን። ባለቤቴን ጨምሮ አምስት ነን። በነጠላ እየገዛን አንዘልቀውም። ጭሱ ደግሞ ትንሹን ልጄን ሌሊቱን ሙሉ ያስለዋል። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

ምጣድ ጠጋኝ፦
እህቴ፣ ምጣድ ብዙ ይበላል፤ አልዋሽሽም። ያንቺ 3.5 ኪሎዋት ቢሆንና አንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግሪበት 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለቴ ከሆነ በወር 45 ገደማ ይመጣል። ታሪፉ ግን ደረጃ አለው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው በጣም ርካሹ ነው፣ ከዚያ በላይ ስትወጪ የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ እየከበደ ይሄዳል። አራታችሁም ከጋገራችሁ በምጣድ ብቻ 180 ገደማ ትደርሳላችሁ። ቆጣሪው አራት ቤት መሆናችሁን አያውቅም፤ እንደ አንድ ትልቅ ፍጆታ ያለው ቤት ነው የሚቆጥራችሁ። የሚጎዳችሁ ይሄ ነው።
ደግሞ ሥሩን አስፈትሺው። ባለፈው ሳምንት የፈታሁት ምጣድ ከሬዚስታንሱ (ከሚግለው ሽቦ) ሥር ያለው የሙቀት መከላከያ ረግፎ አልቆ፣ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ከስሎ ነበር። ያ ሁሉ እንጀራውን ያላበሰለ እሳት ነው።

ሰሚት፦
እኛ ሦስት ሴቶች ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ምጣድ ተራ በተራ እንጋግራለን። ምጣዱ እስኪግል 15፣ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ አንድም እንጀራ ሳይወጣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሄደ ማለት ነው። አሁን አንዴ ብቻ እናግለዋለን። የመጨረሻዋን እንጀራ ነቅለን ሸክላው በያዘው ግለት እናወጣታለን። ፍሪጅ የሌላት ጎረቤታችን ግን ስለሚሻግትባት ረቡዕ ለብቻዋ ትደግማለች፤ እሱን መፍታት አልቻልንም።

አከራይ ነኝ፦
እኩል ማካፈል ራሱ በደል ነው። ሊጥ አቡክቶ የማያውቀው ወንደላጤ የሌላውን ምጣድ ይከፍላል። ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ አስገባሁና ጭቅጭቁ ቀረ። ደረጃውን ግን አያወርድም፤ ለዚያ የየራስ ቆጣሪ ማስገባት ነው ያለው፣ እሱ ደግሞ ወረፋ አለው።

የጀሞዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጎረቤቶቼ ሲወጡ ጠብቄ ቆጣሪውን ከመጋገሬ በፊትና በኋላ አነበብኩት፤ 5 ጨመረ። 28 እንጀራ ወጣልኝ። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ማታ ሦስቱን ተከራዮች ይዤ አከራያችን ጋ እገባለሁ።