አሽሊ፦ የወንድ ስም ነው ወይስ የሴት?

ጥያቄ — ተርጓሚ፣ ከአዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ደብዳቤ፣ ውልና የስብሰባ ወረቀት በመተርጎም የምተዳደር ሰው ነኝ። ባለፈው ወር ከእንግሊዝ አገር እንግዶች የሚገኙበትን የአንድ ስብሰባ መርሐ ግብር እንድተረጉም ተሰጠኝና ከተናጋሪዎቹ መካከል አንዱ «አሽሊ» የሚባል ስም ነበረው። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ስትማር በአንድ ክፍል ሦስት አሽሊ የሚባሉ ልጃገረዶች እንደነበሩ ደጋግማ ስላጫወተችኝ፣ ምንም ሳልጠራጠር «ወይዘሮ አሽሊ ንግግር ያደርጋሉ» ብዬ ጻፍኩ። በዕለቱ የመድረኩ መሪ ያንኑ ሲያነቡ ከፊተኛው ረድፍ የተነሡት ጺማቸውን ያሳደጉ ጎልማሳ ወንድ ነበሩ። እሳቸው አማርኛ ስለማይሰሙ ምንም አላወቁም፤ ወረቀቱ ግን በአዳራሹ ሰው ሁሉ እጅ ነበር፤ ነገሩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ የስሙን ምንጭ፣ ትርጉምና አሰጣጥ የምታውቁ ብትነግሩኝ ብርቱ ውለታ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትርጉሙ «አመድ» ነው ብሎኛል፤ ወላጅ ልጁን እንዲህ ብሎ ይሰይማል ብዬ መቀበል ግን ከበደኝ። እንግሊዝኛው ስሙን ብቻ ጽፎ ማለፍ ይችላል፤ እኛ ግን «መጣ» ወይም «መጣች» ሳንል አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ ለመጨረስ እንቸገራለን፤ ጭንቀቴም ከዚህ የመነጨ ነው።

መልስ 1 — የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ የአመዱን ነገር እናንሣ። በዛሬው እንግሊዝኛ አመድም «አሽ» ነው፣ አንድ የአውሮፓ ዛፍም «አሽ» ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ቃላት በጥንታዊው እንግሊዝኛ የተለያዩ ነበሩ፤ በጊዜ ብዛት ድምፃቸው ስለገጠመ ብቻ አንድ መሰሉ። በስሙ ውስጥ ያለው ዛፉ ነው። ዛፉ ከእኛ ወይራ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን፣ እንጨቱ ጠንካራና የማይሰበር ስለሆነ የጥንት እንግሊዞች የጦር ዘንግ ይሠሩበት ነበር፤ እንዲያውም የዛፉ ስም በግጥሞቻቸው ውስጥ ራሱን ጦሩን ለመጥራት ያገለግላል። አባቶቻችን ለዱላና ለመሣሪያ እጀታ ወይራን እንደሚመርጡ ማለት ነው።

የስሙ መጨረሻ «ሊ» ደግሞ በጫካ መካከል የተመነጠረ ገላጣ ቦታን ያመለክታል። ስታንሊ፣ ብራድሊና ሸርሊ የሚባሉት ስሞችም የሚያልቁት በዚሁ ቃል ነው፤ ስታንሊ ድንጋያማው፣ ብራድሊ ሰፊው ምንጣሮ እንደ ማለት ናቸው። ስለዚህ አሽሊ በመጀመሪያ የሰው ስም ሳይሆን የአገር ስም ነበር፤ ዛሬም በቼሻየር፣ በሃምፕሻየርና በሌሎች የእንግሊዝ ግዛቶች አሽሊ የሚባሉ መንደሮች አሉ። እኛስ ሾላ ገበያና ወይራ ሰፈር እንል የለምን? ከመንደሩ የመጣው ሰው በመንደሩ ስም ተጠራ፤ ያም ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ሆነ።

የቤተሰብ ስም የነበረው እንዴት የመጀመሪያ ስም እንደሆነ ለመረዳት የእንግሊዝ መኳንንትን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። የእናት ወገን ስም በወንድ ልጅ እጦት እንዳይጠፋ ሲፈለግ ለልጁ እንደ መጀመሪያ ስም ይሰጥ ነበር። በ1621 የተወለዱት የሻፍትስበሪ የመጀመሪያው ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው) አንተኒ አሽሊ ኩፐር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እየጻፍኩ ነው)፤ እናታቸው የሰር አንተኒ አሽሊ ልጅ ስለነበሩ የአያታቸውን ስም ሙሉውን ወሰዱ። በአሜሪካ ቻርልስተን ከተማ የሚገናኙት የአሽሊና የኩፐር ወንዞች የተሰየሙት በእኒሁ ሰው ነው። ስሙን በ19ኛው ምዕት ዓመት ያስከበሩት ደግሞ ሰባተኛው ኧርል (1801–1885) ናቸው፤ እስከ 1851 ድረስ ሕዝቡ «ሎርድ አሽሊ» እያለ ይጠራቸው ነበር። ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች ከምድር በታች በከሰል ማዕድን እንዳይሠሩ የከለከለው የ1842 ሕግ የወጣው በእሳቸው ትግል ነው። እንዲህ ያለ ሰው የተሸከመውን ስም ሌሎች ለወንድ ልጆቻቸው ቢመርጡት የሚደንቅ አይደለም፤ ለወንድ ልጆቻቸው ማለቴን ልብ ይሏል።

መልስ 2 — ከቨርጂኒያ

የመምህሩ መልስ እጅግ ጥሩ ነው፤ እኔ ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የሆነውን ልጨምር። ነገሩን ወደ ራሳችን ሥነ ጽሑፍ ለማቅረብ በማርጋሬት ሚቼል የ1936 ልብ ወለድ እጀምራለሁ። ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆነው በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ተርጉመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ያሉትን ያነበበ ሁሉ፣ ስካርሌት በከንቱ የምትወደው አሽሊ ዊልክስ ወንድ እንደሆነ ያውቃል። በ1939 በተሠራው ፊልም ላይ እሱን ሆኖ የተጫወተውም ሌስሊ ሃዋርድ ነበር፤ ሌስሊም ዛሬ ሴቶች የሚጠሩበት ስም ነው። በዚያ ዘመን ግን ሁለቱም ለወንድ የሚሰጡ ስሞች ስለነበሩ ማንም አይሳሳትም ነበር።

ለውጡ የመጣው ከ1960ዎቹ በኋላ ነው። የአሜሪካ ወላጆች አሽሊን ለሴት ልጆቻቸው መስጠት ጀመሩ፤ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት አደገና በ1991 እና በ1992 በመላው አገሪቱ ለሴት ሕፃናት ከተሰጡ ስሞች ሁሉ አንደኛ ሆነ። ይህን የሚያሳየው የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ የሚያወጣው የስሞች ዝርዝር ነው። የአክስትዎ ልጅ በአንድ ክፍል ሦስት አሽሊ ማግኘቷም ከዚህ የተነሣ ነው፤ እኔ ራሴ የልጄ መምህርት አሽሊ፣ የጥርስ ሐኪማችን ረዳት አሽሊ፣ ጎረቤታችን አሽሊ የሆኑበትን ጊዜ አሳልፌያለሁ፤ ሁሉም በዚያው ዘመን የተወለዱ ሴቶች ናቸው። አሁን ለሚወለዱ ሕፃናት ያን ያህል አይሰጥም፤ የእናቶች ትውልድ ስም ሆኗል።

የሴት ስም የሆነበትን ምክንያት በተመለከተ የራሴን ግምት ብናገር፣ «ሊ» የሚለው መጨረሻ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ኤሚሊንና ኬሊን ስለሚያስታውስ ለሴት የሚስማማ መስሎ የተሰማ ይመስለኛል። ሸርሊም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሻርሎት ብሮንቴ በ1849 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ ለሴት ባለታሪክ እስክትሰጠው ድረስ የወንድ ስም ነበር። አንድ ስም ለሴቶች በብዛት መሰጠት ሲጀምር የወንድ ልጅ ወላጆች ይሸሹታል፤ ሲሸሹት ደግሞ ይበልጥ የሴት ይሆናል። የሚያሳዝነኝ ግን የተገላቢጦሹን እምብዛም አለማየቴ ነው፤ የሴት ስም ለወንድ ልጅ ሲሰጥ እንደ ውርደት የሚቆጠርበት አስተሳሰብ በስም ምርጫ ውስጥም አለ።

መልስ 3 — የአርሰናል ደጋፊ

እንግሊዝ ውስጥ ግን ወንዶቹ ስሙን አልሸሹትም። በ1980 ለንደን የተወለደው አሽሊ ኮል ለአርሰናል፣ ቀጥሎም ለቼልሲ ሲጫወት እዚህ አዲስ አበባ ያየነው ሁሉ ስሙ የሴት ይሆን ብለን አስበን አናውቅም፤ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን 107 ጊዜ ተሰልፏል። ለማንችስተር ዩናይትድ ይጫወት የነበረው አሽሊ ያንግም አለ። ጠያቂው ኳስ ቢከታተሉ ኖሮ ስህተቱ የሚገለበጥ ይመስለኛል፤ ሴቲቱን «አቶ» ይሏት ነበር።

ለጥንቃቄ ያህል፣ እንግሊዝ ውስጥም አሽሊ የሚባሉ ሴቶች ስላሉ አገሩን ብቻ አይቶ መወሰን ያሳስታል። የላቲን አጻጻፉን መመልከት ይረዳል። መጨረሻው «ኤል፣ ኢ፣ ዋይ» ከሆነ ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል፤ «ኤል፣ ኢ፣ አይ፣ ጂ፣ ኤች» ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። በ2021 ዊምብልደንን ያሸነፈችው አውስትራሊያዊት ቴኒስ ተጫዋች አሽሊ ባርቲ ስሟን የምትጽፈው በሁለተኛው መንገድ ነው። አማርኛ ሁለቱንም «አሽሊ» ብሎ ስለሚጽፍ ይህ ምልክት በትርጉም ይጠፋል።

መልስ 4 — በትርጉም ሥራ 30 ዓመት የቆየሁ

ልጄ፣ ያጋጠመህ ነገር እኔንም ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፤ የኛን ስሞች የሚጽፍ የውጭ አገር ሰውም ይቸገርበታል። አበበና አበበች ለእኛ በጆሮ ይለያሉ፤ ደስታ፣ በረከት፣ ምሕረት ስንል ግን እኛም ባለቤቱን ካላየን አናውቅም። ደስታ የሚባል የጦር መኮንንም፣ ደስታ የምትባል ነርስም አውቃለሁ።

አማርኛችን የሚያስጨንቀውን ያህል መውጫም አበጅቷል፤ እሱም የአክብሮት አነጋገር ነው። «መጣ» እና «መጣች» ጾታን ይለያሉ፤ «መጡ» ግን አይለይም። «እርስዎ»፣ «እሳቸው»፣ «ንግግራቸው»፣ «ገልጸዋል» ሁሉም ለወንድም ለሴትም እኩል ናቸው። አንተም በወረቀትህ ላይ «ንግግር ያደርጋሉ» ብለህ ነበር፤ ግሡ አልበደለህም፣ ያሳሳተህ «ወይዘሮ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። እሱን አንሥተህ «የተከበሩ አሽሊ» ብትል ወይም ዶክተር፣ ፕሮፌሰር፣ ኢንጂነር የሚል ማዕረግ ካላቸው ያንን ብታስቀድም ኖሮ ሥራህ ያለ እንከን ይወጣ ነበር። «ክቡር» እና «ክብርት» ግን ጾታ ስለሚለዩ እንዳትጠቀምባቸው።

ይህ መውጫ ለትልቅ ሰው ነው። ስለ ሰባት ዓመት ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ ስትተረጉም «አሽሊ ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ» ልትል አትችልም፤ ያን ጊዜ «እሱ» ወይም «እሷ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እስኪገኝ ድረስ አንብበህ ሳትጨርስ ብዕር አታንሣ። ደብዳቤ ከሆነ ደግሞ ላኪውን ጠይቅ። ሁለት መስመር ጽፈህ ብትጠይቅ ማንም አይቀየምህም፤ እኔን እስከ ዛሬ የተቀየመኝ የለም።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የስብሰባው አዘጋጆች ቃለ ጉባኤውን እንድተረጉምላቸው ስለሰጡኝ በውስጡ «የተከበሩ አሽሊ» ብዬ አስተካክያለሁ፤ ከግርጌውም የመርሐ ግብሩን ስህተት የሚያርም አንድ መስመር እንዲገባ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ለባልደረባዬም የዛፉን ነገር ነግሬዋለሁ፤ ከወይራ ጋር መዛመዱን ሲሰማ በጣም ተደስቷል። ዛሬ ጠዋት «ሞርጋን» የሚል ፊርማ ያለበት ውል ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፤ ላኪውን ጠይቄ መልስ እየጠበቅሁ ነው።