ከበዓል እስከ በዓል ብቻ እያሰብኩ ተቸግሬአለሁ፣ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ አሠርቼ የምሸጥ ሴት ነኝ። ተመስገን፣ ገበያው አለ። ያቃተኝ አርቆ ማየት ነው።

ዓመቴን የምቆጥረው በበዓል ነው። ለእንቁጣጣሽ እሯሯጣለሁ፣ ቀጥሎ ለጥምቀት፣ ከዚያ ለፋሲካና ለሰርጉ። ሸማኔው ቀብድ ይፈልጋል። ከውጭ የሚገባው የጥለት ክር ደግሞ በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቆ ዶላር ከ57 ብር ገደማ መቶውን ካለፈ ወዲህ አልቀመስ ብሏል። ዕቁብ ሲደርሰኝ ለቀጣዩ በዓል ዕቃ ይውላል። ለነገ የሚተርፍ የለም።

ሕልሜ ግን ትልቅ ነው። ሸማኔዎቹ ዛሬ የሚሠሩት ጠባብ ቤታቸው ውስጥ፣ መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ እግራቸውን ከተው ነው። ብርሃን እንኳ በቅጡ አይገባም። እነሱን ሰፊ ቦታ ሰብስቤ፣ የወር ደሞዝ ከፍዬ፣ በራሴ ስም አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን መላክ እፈልጋለሁ። ይሄን ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። ከኋላ በኩል የዱቤ ሂሳብ አለ። ሁሌ የምገልጠው ከኋላ ነው።

«ትልቅ አስቢ» የሚለኝ ሰው ሞልቷል። ሰኞ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ምን ላድርግ? እሱን የሚነግረኝ አጣሁ።

በንግድ ያላችሁ፣ የዕለቱን ግርግርና የሩቁን ዕቅድ እንዴት ለያችሁት? ለሕልሙ ብቻ ሁለተኛ ዕቁብ ልግባ ወይስ ባንክ በጊዜ ገደብ ላስቀምጥ? ወይስ ሁለት ሸማኔ ይዤ በትንሹ ልጀምረው? ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።