አስቸኳይ! ላፕቶፔ ከትናንት ጀምሮ ድምፅ የለውም፣ ነገ ጠዋት ዲፌንስ አለብኝ

የጣና_ልጅ፦
እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። ዊንዶውስ ሳይሆን ሊነክስ ነው የምጠቀመው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ድምፅ ጠፋ። ሴቲንግ ውስጥ ሳውንድ ላይ ስገባ «ደሚ አውትፑት» ብቻ ነው የሚለው። ማይኩም አይሰራም። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የመመረቂያ ጽሑፌን በዙም አቀርባለሁ። ጥገና ቤት ብወስደው ሳውንድ ካርዱ ተቃጥሏል አሉኝ። የዩኤስቢ ሄድፎን ገዝቼ ሰካሁ፣ እሱም ጭጭ። ዋይፋዩም ጠፍቷል፣ ግን እሱን ተዉት፣ በስልኬ ነው የምጽፈው። ድምፁን ብቻ!

ገመድ_አልባ፦
ወንድሜ፣ የትኛው ሊነክስ? ኡቡንቱ? ሚንት? ቨርዥኑስ?

የጣና_ልጅ፦
እህትህ ነኝ። ኡቡንቱ 22.04።

ቴርሚናሉ፦
ቀላል ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቺና «ፐልስኦዲዮ -ኬ» በዪ፣ ጠፍቶ ራሱ ይነሳል። ከዚያ «አልሳሚክሰር» በዪ። ማስተር ስር «ኤምኤም» ካየሽ ድምፁ ታፍኗል ማለት ነው፣ የኤም ፊደልን ስትጫኚ ይከፈታል። ካርድ ለመቀየር ኤፍ6። (ትእዛዞቹን በእኛ ፊደል ነው የጻፍኩልሽ፣ እዚያ በላቲን ጻፊያቸው።)

የጣና_ልጅ፦
አልሳሚክሰር አይከፈትም። ሚክሰሩን መክፈት አልቻልኩም፣ እንዲህ ያለ ፋይል የለም ይላል።

አሮጌ_ቶሺባ፦
ልጄ፣ ነገሩን ከስር ብትረጂው ይሻላል። የሊነክስ ድምፅ እንደ ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ አልሳ ነው፣ ከርነሉ (የሊነክስ እምብርት) ውስጥ ያለው ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያናግረው ፕሮግራም። በ1998 ነው የተጀመረው፣ ከ2.6 ከርነል ጀምሮ ኦኤስኤስ የሚባለውን የድሮ የድምፅ ሥርዓት ተካ። ከላዩ ፐልስኦዲዮ አለ። አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ፓይፕዋየር ቦታውን ወስዷል፤ ፌዶራ በ2021፣ ኡቡንቱ ከ22.10 ጀምሮ። ያንቺ 22.04 ስለሆነ ፐልስኦዲዮ ነው። እነዚህ የላይኞቹ ድምፅ ያደላድላሉ እንጂ ካርድ አይፈጥሩም። «ደሚ አውትፑት» ማለት ፐልስኦዲዮ ወደ ታች አይቶ ምንም ካርድ አላገኘም ማለት ነው። አልሳሚክሰርም ካልተከፈተ ችግሩ ምድር ቤት ነው።

ቴርሚናሉ፦
ፐልስኦዲዮን አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው። እኔ ጋ በዚህ ነው የተስተካከለው።

አሮጌ_ቶሺባ፦
አሁን የጻፍኩትን ብታነበው ጥሩ ነበር።

ቀን_ከሌት፦
ነገ ዲፌንስ ያለበት ሰው ከሊነክስ ጋር አይታገልም። ዛሬ ማታ ዊንዶውስ ጫኚ፣ ተገላገዪ።

የጣና_ልጅ፦
ዳታዬም ስላይዶቼም እዚሁ ናቸው። በአንድ ሌሊት ፎርማት አላደርግም። ጋሼ ቶሺባ አመሰግናለሁ። እና ካርዱ ከተቃጠለ ምን ላድርግ?

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
እኔ ቃጠሎውን አልቀበልም። የዩኤስቢ ሄድፎን የራሱ ሳውንድ ካርድ በውስጡ አለው። የላፕቶፑ ካርድ ቢቃጠል እንኳ እሱ መስራት ነበረበት። ሁለት ካርድ በአንድ ሌሊት አይሞትም። ዋይፋዩም አብሮ ሄዷል፣ «እሱን ተዉት» ያልሽው ትልቁ ምልክት ነው። ሦስቱን የሚያገናኛቸው ከርነሉ ብቻ ነው። ትናንት ማታ ምን ነክተሽ ነበር?

የጣና_ልጅ፦
ምንም አልነካሁም። አፕዴት እያደረገ እያለ መብራት ሄደ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ ቻርጀሩ ላይ መብራት ከሌለ ወዲያው ነው የሚጠፋው። መብራት ሲመጣ ከፈትኩት፣ በደንብ ተነሳ፣ ድምፁ ብቻ የለም።

ገመድ_አልባ፦
እንዴ! ይሄንን መጀመሪያ ብትነግሪን!

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
አሁን ገባኝ። «ኤልኤስፒሲአይ -ኬ» በዪና «ኦዲዮ ዲቫይስ» የሚል መስመር ፈልጊ። መስመሩ ካለ ካርዱ በሕይወት አለ። ከስሩ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» ይላል ወይስ አይልም?

የጣና_ልጅ፦
ኦዲዮ ዲቫይስ፣ ኢንቴል ይላል። ከስሩ ድራይቨር የሚል የለም። ዋይፋዩም እንደዚያው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
እልል በዪ፣ ካርድሽ ደህና ነው። ኡቡንቱ ከርነሉን በአንድ ጥቅል አይሰጥም። ዋናው ለብቻው ነው፣ የድምፅና የብዙ ዋይፋይ ድራይቨሮች ደግሞ «ሊነክስ-ሞጁልስ-ኤክስትራ» የሚባል ሌላ ጥቅል ውስጥ ናቸው። መብራቱ የሄደው መሀል ላይ ነው። አዲሱ ከርነል ገባ፣ ኤክስትራው ቀረ። አሮጌው ከርነል ግን ሙሉውን እዚያው አለ። ላፕቶፑን አጥፍተሽ ስታበሪ ኢስኬፕን ነካ ነካ አድርጊ (ላፕቶፑ አሮጌ ከሆነ ሺፍትን ይዘሽ ቆዪ)። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ ፎር ኡቡንቱ» ግቢ። ቁጥሩ ዝቅ ያለውን ከርነል ምረጪ፣ ሪከቨሪ የሚለውን አይደለም።

የጣና_ልጅ፦
ተነሳ! ዋይፋዩ ራሱ ተያያዘ። ሳውንድ ላይ ቴስት ስለው «ፍሮንት ሌፍት» አለኝ፣ ጮኬ እናቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። ተባረኩ!

ቴርሚናሉ፦
ደስ ይላል። አሁን «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊነክስ-ሞጁልስ-ኤክስትራ» ብለሽ መጨረሻው ላይ ዩኔም -አር ጨምሪ፣ አለቀ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ቆይ፣ ሁለት ነገር። ዩኔም -አር የሚሰጠው አሁን የገባችበትን ከርነል ቁጥር ነው፣ አሮጌውን። እሱማ ኤክስትራው አለው። የአዲሱ ቁጥር ነው መጻፍ ያለበት። ሁለተኛ፣ ዛሬ ማታ ምንም አትንኪ! መብራቱ ደግሞ ቢሄድ አሮጌውንም ታጪዋለሽ። ነገ በዚሁ ከርነል አቅርቢ። ላፕቶፑን ካጠፋሽው ሲነሳ እንደገና ከዝርዝሩ መምረጥ አለብሽ፣ አለበለዚያ በራሱ አዲሱን ነው የሚያስነሳው። ከዲፌንሱ በኋላ መብራት አስተማማኝ በሆነበት ቦታ፣ በቅደም ተከተል፦ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል»፣ ከዚያ የአዲሱ ከርነል ኤክስትራ።

አሮጌ_ቶሺባ፦
ልክ ብሏል። ስልክሽንም ቻርጅ አድርገሽ ዙሙ ላይ አብረሽ አስገቢው። ላፕቶፑ ቢከዳሽ ቢያንስ ድምፅሽ ከስልክ ይወጣል። ሁለቱም ክፍት ሲሆኑ የአንዱን ማይክና ስፒከር ዝጊ፣ አለበለዚያ ያስተጋባል።

የጣና_ልጅ፦
እሺ ጋሼ። ልተኛ።

አሮጌ_ቶሺባ፦
ልጄ፣ 5 ሰዓት ሆነ። እንዴት ሆነልሽ?

ገመድ_አልባ፦
አቀረብሽ?

ቡና_ቁርስ፦
ሰላም፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የመጣሁት። እኔም «ደሚ አውትፑት» ይለኛል። ግን የእኔ ሊነክስ ዴቢያን 12 ነው፣ መብራትም አልሄደም። ዲሜሴጅ (የከርነሉ መልእክቶች) ላይ ሶፍ ከሚል ስም አጠገብ ኢረር -2 ይላል። የእሷን ሁሉ ሞከርኩ፣ አልሰራም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ያንተ ሌላ ነው። -2 ማለት የፈለገውን ፋይል አጣሁ ማለት ነው። አዳዲስ የኢንቴል ላፕቶፖች ለድምፅ ከድራይቨሩ ሌላ ፈርምዌር (ዕቃው ራሱ ላይ የሚጫን ፕሮግራም) ይፈልጋሉ። «ፈርምዌር-ሶፍ-ሳይንድ» የሚባለውን ጥቅል ጫንና ሪስታርት አድርግ። ካላገኘው ሶርስ ሊስትህ (ጥቅሎች ከየት እንደሚወርዱ የሚነግረው ፋይል) ውስጥ «ነን-ፍሪ-ፈርምዌር» የሚለው መኖሩን እይ። የጣና ልጅ፣ ይሄን ካየሽ አንድ ቃል ጣዪልን።