ዋስ 5,000 ዶላር ተጠየቅን፤ እቁቤን ላስይዝ?

የልጆች እናት፦ ሰላም ቤቶች። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሐሙስ ማታ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ተያዘ፤ መኪና ማቆሚያ ላይ ከጎረቤት ተጣልቶ ነው። 5,000 ዶላር ዋስ ተባለ። ቦንድስማኑ (እየተከፈለው ዋስ የሚሆነው ሰውዬ) «500 ስጡኝ፣ ዛሬ አስወጣዋለሁ፤ 500ዋ ግን አትመለስም» አለን። እሁድ እቁብ ይወጣልኛል። ጠብቀን ሙሉውን ራሳችን ብናስይዝስ? አማቴ ከደሴ በየሰዓቱ ይደውላሉ፤ «ልጄ በልቶ አደረ?» እያሉ።

ነባር ሹፌር፦ እህቴ፣ ሙሉውን ካስያዛችሁ ቀጠሮውን እስካከበረ ድረስ ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለሳል። የቦንድስማን ክፍያ በቨርጂኒያ ሕግ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ ልጁ ነጻ ቢወጣም ቀልጦ ይቀራል።

ጋሽ ዲሲ፦ ድልድዩን ተሻግሮ ዲሲ ቢያዝ ኖሮ ይሄ ጣጣ የለም። እዚያ ዳኛ ከአቅም በላይ ብር ጠይቆ ሰው እንዳያስር በፈረንጆች ከ1992 ጀምሮ ሕጉ ይከለክለዋል፤ አደገኛ ነው ካለ ችሎት ሰምቶ ይሰር። ኢሊኖይ በ2023 የገንዘብ ዋስን ጭራሽ አስቀረች። የኛም የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 በዋስ የመፈታት መብት ይሰጣል።

ባለሱቁ፦ እሱማ ወረቀት ላይ። ሱቄን የዘረፈው ልጅ በማግስቱ በሬ ላይ ቆሞ ሲያጨስ አገኘሁት! ኒውዮርክም በ2020 የዋስ ሕጉን ካላላች በኋላ ደጋግማ አጠበቀችው። ለምን ይመስልዎታል ጋሼ?

ጋሽ ዲሲ፦ እዚያው ኒውዮርክ ካሊፍ ብራውደር በ16 ዓመቱ ቦርሳ ሰረቅህ ተባለ። ቤተሰቡ 3,000 ዶላር ዋስ አጣ። ሳይፈረድበት ሦስት ዓመት ገደማ ራይከርስ እስር ቤት ከርሞ ክሱ ተነሣ። በ2015 ራሱን አጠፋ።

ባለሱቁ፦ ነፍሱን ይማር። የኔን መስታወት ማን ይክፈል?

የጎንደሯ፦ አባቴ ለጎረቤት ልጅ ዋስ ሲሆን ትዝ አለኝ። የደመወዝ ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ኮት ለብሶ፣ ጣቢያ በር ላይ እስከ ማታ ቆመ። ልጁን ይዞት ሲመጣ እናቱ ቡና አፍልታ ጠበቀች። እዚህ እንኳን ዋስ፣ ጎረቤቴንም አላውቀው።

ነባር ሹፌር፦ እህቴ፣ ልጁ ዜጋ ነው? ካልሆነ «ቶሎ እንዲያልቅ» ብሎ ጥፋቱን እንዳያምን! ማመኑ ከአገር ሊያስባርረው እንደሚችል ጠበቃው መንገር አለበት፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ወስኗል። የኢሚግሬሽን ጠበቃም ጠይቁ።

የልጆች እናት፦ ግሪን ካርድ ነው። ባለቤቴ አላስችል ብሎት አሁን ቦንድስማኑ ጋ ሄዷል። እኔ እሁድ ይሻላል ብዬ ነበር...

ባለሱቁ፦ ጋሼ፣ የመስታወቱን አልመለሱልኝም።